አልጌ በል ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር በቤትና ኑሮ ዓምዳችሁ ላይ፣ ተክል ስለተተከለባቸው የዓሣ መስታወት ገንዳዎች፣ በተለምዶ አኳሪየም ስለምንላቸው፣ የወጣውን አጭር ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። በባሕር ዳር በሆቴል መቀበያ፣ በካፌና በመኖሪያ ቤት ሳሎን ውስጥ እንዲህ ያለ ገንዳ የሚያኖር ሰው እየበዛ ስለመጣ ጉዳዩ መነሣቱ ተገቢ ነበር። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል የተደረገችው ምክር ናት፤ ገንዳው አረንጓዴ ከለበሰ አልጌ የሚበላ ዓሣ ገዝቶ መጨመር ይበቃል የምትለው። ምክሯ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ናት አልልም። ነገር ግን ሳትብራራ በመቅረቷ ባለገንዳውን ለኪሳራ፣ ዓሣውን ለሞት ልትዳርግ ትችላለች፤ እኛ ደግሞ ገንዳችንን ሰልችተን የምንደፋበት ሐይቅ ከደጃችን ያለ ሰዎች ስለሆንን፣ ጥፋቷ በሳሎናችን ውስጥ ተወስኖ ላይቀር ይችላል።

እኔ ባዮሎጂ አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። 120 ሊትር የምትይዝ አንዲት ገንዳ በቤቴ ካቆምሁ 11 ዓመት አልፎኛል፤ በነዚህ ዓመታት ከዓሣ ይልቅ ስለ አልጌ ብዙ ተምሬያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያሳለፍሁት እሱን በመፋቅ ነውና።

አልጌ፣ በሳይንስ መዝገበ ቃላት ዋቅላሚ የሚባለው፣ በሽታም ቆሻሻም አይደለም። ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሬትና ፎስፌት ባሉበት ውኃ ሁሉ የሚበቅል ሕይወት ነው። በገንዳው ውስጥ የተከልነው ተክል የሚሻውን ሁሉ እሱም ይሻል፤ ልዩነቱ ጥቂት የሚበቃውና ፈጥኖ የሚራባ መሆኑ ነው። ስለዚህ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ ማለት ከገባው ብርሃንና ከገባው ምግብ ውስጥ ተክሎቹ ያልተጠቀሙበት ትርፍ አለ ማለት ነው። አልጌ በል እንስሳ ይህን ትርፍ አያጠፋውም። የጋጠው አልጌ በሆዱ አልፎ ኩስ ይሆናል፤ ከኩሱና ከእንስሳው ገላ የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥለውም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱም ተመልሶ የአዲስ አልጌ ቀለብ ይሆናል። ጥቂቱ የእንስሳው ሥጋ ሆኖ ይቀራል፤ የቀረው በዚያው በመስታወቱ ውስጥ ይዞራል። ትርፉን በዋናነት ከገንዳው የሚያወጣው የእኛ እጅ ነው፤ በባልዲ የምንቀዳው አሮጌ ውኃ፣ በመቀስ ቆርጠን የምንጥለው ቅጠልና ጠርገን የምናወጣው አልጌ።

ይህ ስሌት ለጣና ልጆች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። እምቦጭን ከሐይቁ ነቅለን ዳር ላይ ቆልለን ብንተወው፣ በስብሶ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወደ ውኃው ይመልሰዋል፤ ከየማሳው ታጥቦ ከሚወርደው ደለልና ማዳበሪያ ጋር ተደምሮም ለሚቀጥለው እምቦጭ ምግብ ይሆናል። በሳሎናችን ያለችው ትንሽ ውኃም የምትመራው በዚሁ ሕግ ነው።

በሐይቁ ዳር ካፌ ያለው አንድ ወጣት፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ገንዳውን እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። 240 ሊትር የሚይዝ ያማረ ገንዳ ነው፤ ነገር ግን የተቀመጠው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ባደረገ ሰፊ መስኮት ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ላይ የሚነሣው ፀሐይ ሁለት ሰዓት ሙሉ በቀጥታ ይመታዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የገንዳው መብራት ካፌው ከሚከፈትበት ከንጋቱ 12 ሰዓት አንሥቶ እስከሚዘጋበት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ ይበራል። በቀን 15 ሰዓት ብርሃን! መስታወቱ አረንጓዴ ለብሶ ዓሣዎቹ አይታዩም ነበር። ወጣቱ ግን መብራቱን አልጠረጠረም፤ የጠረጠረው ዓሣዎቹን ነው። ቀደም ብሎ እንደ ጣት ያነሱ፣ ፕሌኮ የሚባሉ ሦስት አልጌ በል ዓሣዎች ገዝቶ ጨምሮ ነበር፤ ሁለቱ ሞተዋል፤ የተረፈው አንዱ ክንድ የሚያህል ሆኖ ተክሉን ከሥሩ እየነቀለ፣ ሰፋፊውን ቅጠል እየፋቀ ወንፊት አድርጎታል። «ቲቸር፣ አልጌ ይበላል ብዬ ያመጣሁት ተክሌን ጨረሰብኝ፤ አልጌው ግን እንዳለ ነው» አለኝ። ሌላ ዓይነት አልጌ በል እንድመርጥለት ነበር የጠራኝ።

የመረጥሁለት ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያና መጋረጃ ነው። ተክል ላለበት ገንዳ፣ በተለይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋዝ መልክ ለማይጨመርለት፣ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚደርስ የኤልኢዲ መብራት በቂ ነው። እኛ 7 ሰዓት ላይ አቆምነው። በየሳምንቱ የውኃው ሩብ ያህል እንዲለወጥ ተስማማን፤ የቧንቧውም ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቅ ለአንድ ቀን ክዳን በሌለው ባልዲ ተቀምጦ እንዲያድር። የዓሣ ምግቡም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሚያልቀው እንዳይበልጥ አደረግን፤ ይህችኛዋ ከሁሉም ትከብድ ነበር፤ ደንበኛው ሁሉ ለዓሣ ዳቦ መቁረስ ይወድዳልና። በመጨረሻም ፈጥነው የሚያድጉ ተክሎችን አበዛን፤ ቫሊስኔሪያ የተባለውን እንደ ሣር የረዘመውንና ሥር የሌለውን ሴራቶፊለም። እነዚህ ናይትሬትን ከውኃው በፍጥነት ስለሚስቡ ለአልጌ የሚተርፍ ብዙ አይተዉም። አኑቢያስንና የጃቫ ፈርንን የመሳሰሉ ዝግ ብለው የሚያድጉ ተክሎች ብቻቸውን ቢሆኑ ግን ቅጠላቸው ለወራት ስለሚቆይ ራሱ አልጌ ማብቀያ ይሆናል።

ስለ መብራት ካነሣሁ አይቀር፣ እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመጣ በመካኒክ የሚሠራው ሰዓት ቆጣሪ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሦስት ጊዜ ከጠፋ በኋላ ገንዳው እኩለ ሌሊት ላይ ሲበራ ታገኙታላችሁ። ከዚህ የሚብሰው የማጣሪያው መቆም ነው። ከታሸገ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሚያገኙት ከሚፈሰው ውኃ ስለሆነ፣ ፓምፑ ለብዙ ሰዓት ከቆመ ይሞታሉ፤ አሞኒያውም ይከማቻል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲስ አልጌ ሲፈላ ባለቤቱ ምክንያቱ ይጠፋበታል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ማጣሪያውን ሳያጥቡ ማስነሣት ተገቢ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው እንስሶቹ ቦታ የሚኖራቸው። እነሱም ቢሆኑ ሁሉን አልጌ የሚበሉ አይደሉም፤ ሥራቸው ይለያያል። ገንዳ በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስታወቱንና ቅጠሉን እንደ ቡና አተላ የሚያለብሰው ቡናማ ነገር ዳያተም ይባላል። ኦቶሲንክለስ የተባለው ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ በአፉ የሚጣበቅ ትንሽ ዓሣ ይወድደዋል፤ ኔራይት የተባሉት ቀንድ አውጣዎችም እንዲሁ። ነገር ግን ዳያተም ገንዳው ሲበስል በአብዛኛው በራሱ ይጠፋል፤ ኦቶሲንክለሱም የሚበላው አጥቶ ሆዱ እየጎደጎደ ይሞታል። አዲስ ገንዳ ላይ ኦቶሲንክለስ የሚጨምር ሰው፣ እንስሳውን ለአንድ ወር ድግስ ጠርቶ በሁለተኛው ወር እንደሚያስርበው ይወቅ። ይህ ዓሣ ቢያንስ 6 ሆኖ፣ ጥቂት ወራት ዕድሜ ባለው ገንዳ ውስጥ፣ በአልጌ ላይ የተቀቀለ ዝኩኒ እየተጨመረለት ነው መኖር ያለበት።

መስታወት ላይ እንደ ነጠብጣብ ተጣብቆ በጣት ቢፈተግ የማይለቀውን አረንጓዴ አልጌ በሚገባ የሚፍቀው ኔራይት ነው። ኔራይት ለተክል ገንዳ የሚመች ሌላም ጠባይ አለው፤ እጮቹ ለማደግ ጨው ያለበት ውኃ ስለሚፈልጉ በንጹሕ ውኃ ገንዳ ውስጥ አይራባም። እንቁላሉን ግን ይጥላል፤ ሰሊጥ የሚመስሉ ነጫጭ እንቁላሎች በእንጨቱና በድንጋዩ ላይ ሁሉ ተለጥፈው ይቀራሉ፤ ይህን የማይወድ ሰው ከወዲሁ ይወቀው። እኔ አልጠላቸውም።

እንደ ክር የሚረዝመውን ለስላሳ አልጌ በተመለከተ የአማኖ ሽሪምፕን የሚያህል ሠራተኛ አላየሁም። ስሙን ያገኘው በተክል ገንዳ አሠራር ዓለም ካወቀው ከጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ከታካሺ አማኖ ነው፤ ይህን ሽሪምፕ ለአልጌ መቆጣጠሪያ ያስተዋወቀ እሱ ስለሆነ። የአማኖ ሽሪምፕም እጩ ጨዋማ ውኃ ስለሚሻ በገንዳችን አይራባም። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛው መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ፈጽሞ አለመጨመር ነው፤ መዳብ ሽሪምፕንም ቀንድ አውጣንም ይገድላል። ሁለተኛው ከመንገድ ሲመጣ ቀስ ብሎ ከገንዳው ውኃ ጋር ማላመድ ነው። ከአዲስ አበባ ተጭኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በፌስታል የተጓዘ ሽሪምፕ ገንዳው ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢደፋ በማግሥቱ ይሞታል። በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ለአንድ ሰዓት ያህል የገንዳው ውኃ ሊጨመርለት ይገባል። ክሩ በጣም ከረዘመ ግን ሽሪምፑ ስለማይችለው በመጀመሪያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠቅልሎ ማውጣት ነው።

በቅጠል ጠርዝና በማጣሪያ አፍ ላይ እንደ ጥቁር ጢም የሚበቅለው በዓይን ጥቁር ይምሰል እንጂ በዘሩ ከቀይ አልጌዎች የሚመደብ ነው፤ ተነቅሎ አልኮል ውስጥ ቢነከር ወደ ቀይ ስለሚለወጥ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል። ይህን ከሚበሉት ጥቂት ዓሣዎች አንዱ በነጋዴዎች ዘንድ የሳያም አልጌ በል የሚባለው፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣው ነው። ችግሩ ከእሱ ጋር በአንድ መደርደሪያ የቻይና አልጌ በል የሚባል ሌላ ዓሣ ይሸጣል፤ ሕፃን ሳሉ ባልለመደ ዓይን ይመሳሰላሉ። ይህኛው ሲያድግ ከ25 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ አልጌ መብላቱን ይቀንስና ሌሎችን ዓሣዎች እያሳደደ ጎናቸው ላይ ተለጥፎ ገላቸውን የሚሸፍነውን ልጋግ መምጠጥ ይጀምራል። መለያው ቀላል ነው፤ ትክክለኛው የሳያም ዓሣ ከአፍንጫው ተነሥቶ እስከ ጅራቱ ጫፍ፣ የጅራት ክንፉንም ጭምር ሳይቋረጥ የሚያቋርጥ ጥቁር መስመር አለው፤ መስታወትም ላይ በአፉ ተጣብቆ አይውልም። እሱም ቢሆን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ሲጎለምስ ለዓሣ የምንበትነውን ደረቅ ምግብ ለምዶ ጢሙን አልጌ ይንቀዋል። ለዚህ አልጌ እንስሳ ከመፈለግ በፊት የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጦ መጣል ይሻላል።

ሁለት ነገር ደግሞ ማንም ጋጭ እንስሳ አያስወግድም። አንዱ ውኃው ራሱ እንደ ጎመን ጭማቂ አረንጓዴ ሲሆን ነው፤ አልጌው አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ሆኖ በውኃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ የሚጋጥ ነገር የለም። ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ሦስት አራት ቀን ማጨለም ይሻላል፤ ተክሎቹ ይታገሣሉ። ሌላው በአሸዋና በቅጠል ላይ እንደ ሰማያዊ አረንጓዴ ቆዳ የሚጋረደውና ሲነኩት የሚሸተው ነው። ይህ በእውነቱ አልጌ ሳይሆን ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ከቤተሰቡ መርዝ የሚያመርቱ ስላሉ እንስሳትም ይሸሹታል። በቱቦ ስቦ ማውጣት፣ የውኃውን ዝውውር ማጠንከር፣ ከዚያም ማጨለም ነው።

አሁን ወደ ፕሌኮው ልመለስ፤ የደብዳቤዬ መነሻ እሱ ነውና። በገበያ የሚሸጠው ተራው ፕሌኮ በ6 ሳንቲ ሜትሩ አልጌ ይፍቃል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እስከ 40 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ ዓሣ ነው፤ ሲያድግ የሚጥለው ኩስ ከሚበላው አልጌ ይልቅ ገንዳውን ይጎዳል። በተጨማሪም ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ አንድ ሊትር ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በዚያው ሙቀት በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሣል። የውጭ አገር መመሪያ ለዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ብሎ የሚሰጠውን ቁጥር እኛ ቀንሰን ማንበብ አለብን። ፕሌኮ የግድ ይኑረኝ ለሚል ሰው አንሲስትረስ የተባለው፣ ወንዱ አፍንጫው ላይ ቅርንጫፍ ያለው ጢም የሚያበቅለው፣ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ያረጀ እንጨት ገንዳው ውስጥ ካገኘ በእሱም ይውላል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ጽሑፋችሁ ያላነሣው፣ እኔን ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። የገበያው ቀንድ አውጣ ውድ ስለሆነ ወይም ስለማይገኝ፣ ከጣና ዳርና ከዓባይ መውጫ ከደንገሉ ሥር ቀንድ አውጣ ለቅመው ገንዳቸው ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አንዱ ጎረቤቴ ነው፤ ልጁን በባልዲ ልኮ ነበር። በዚህ አካባቢ ውኃ ውስጥ ባዮምፋላሪያ የተባሉ፣ ዛጎላቸው እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ የሆነ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ የአንጀትና የጉበት ቢልሃርዚያን የሚያስከትለው ትል የሚያድገው በእነሱ ውስጥ ነው። የሚያስቸግረው ነገር፣ በአኳሪየም ነጋዴዎች ዘንድ የሚሸጠው የበግ ቀንድ የሚመስል ቀንድ አውጣ የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ ስለሆነ በመልክ ይቀራረባሉ። የተለከፈ ቀንድ አውጣ ብርሃን ሲያገኝ በዓይን የማይታዩ እጮችን ወደ ውኃው ይለቅቃል፤ እጮቹም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቆሰለ የሰው ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። ብርሃን ያለበት፣ ሞቅ ያለ፣ ሰው በየሳምንቱ እስከ ክርኑ እጁን የሚነክርበት ውኃ ከተባለ፣ ከተክል ገንዳ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ልጆችም ዓሣውን ልንካ እያሉ እጃቸውን ይከታሉ።

በሽታው በፕራዚኳንቴል ይታከማል፤ ከሐይቅ ቀንድ አውጣ ለቅሞ ገንዳው ውስጥ የጨመረ ሰው ሳይፈራ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራውን ያስመርምር። ተክል ከሐይቁ የሚያመጣም ሰው በቅጠሉ ሥር የተለጠፉትን ቀንድ አውጣዎችና የእንቁላል ልጋግ በጓንት እየለቀመ ካጸዳ በኋላ፣ ተክሉን በተለየ ባልዲ ለጥቂት ቀናት ያቆየው፤ ከቀንድ አውጣው የወጣ እጭ ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወደ እንቁላል አይተላለፍምና፣ በገንዳ ውስጥ ተፈልፍለው ያደጉ ቀንድ አውጣዎች ግን አያሰጉም።

ቀንድ አውጣው በዝቶብኛል ብሎ እንዶድ ቀጥቅጦ የጨመረ ሰውም ሰምቻለሁ። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቀው የኛው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየቱ። ነገር ግን ያው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ቀንድ አውጣውን ያጣ ገንዳ ዓሣውንም ያጣል። የበዛ ቀንድ አውጣ መፍትሔው የተረፈ ምግብ መቀነስና ማታ አንድ የጎመን ቅጠል አስገብቶ ጠዋት ከነተሰበሰቡበት ማውጣት ነው።

ከሐይቁ ወደ ገንዳ የሚመጣው ይህን ያህል ካሳሰበን፣ ከገንዳ ወደ ሐይቁ የሚሄደው የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል። እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያየነውን መከራ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ ማስታወስ የምፈልገው ያ ተክል ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው ለአበባው ማማር ለኩሬ ጌጥ እየተባለ በሰዎች እጅ መሆኑን ነው። ፕሌኮም የዚያው አህጉር ልጅ ነው። የጣና ውኃ ሙቀት ይስማማዋል፤ ኦክስጅን ቢያንስ አየር እየጎረሰ ይኖራል፤ በአጥንት ሳንቃ የተሸፈነ ስለሆነ የሚበላው አውሬ ይቸገራል። በሜክሲኮ ኢንፊየርኒዮ በተባለው ግድብ ውስጥ ከተለቀቀ በኋላ የአሣ አስጋሪዎቹ መረብ ከቆሮሶ ይልቅ በእሱ ይሞላ ጀመር፤ እሾኩም መረቡን ይቀድዳል። እንቁላል ለመጣል ዳሩን ስለሚቦረቡርም አፈሩ ይናዳል። ሌላው አፕል የሚባለው ትልቁ ቀንድ አውጣ ነው፤ አልጌ ይበላል እየተባለ ይሸጣል፤ ከዝርያዎቹ አንዱ ግን በእስያ የሩዝ ማሳዎችን ያወደመ፣ ወደ ኬንያም ሙዌያ የሩዝ መስኖ የደረሰ ነው፤ ከሌሎቹ ለመለየት ባለሙያ ይጠይቃል። ሩዝ አምራቿን ፎገራን እያሰብሁ እኔ ይህን ቀንድ አውጣ ማንም ባሕር ዳር እንዳያመጣው እመርጣለሁ።

ጣና ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ከታችኛው የዓባይ ወንዝ ተለይቶ የኖረ ሐይቅ በመሆኑ፣ ላቢዮባርበስ ከተባለው የዓሣ ወገን ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። የሚገርመው፣ አልጌ በል ዓሣም የራሱ አለው። ጋራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች ከአፋቸው ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው አልጌ ይፍቃሉ። አንዱ ዝርያ በሳይንስ ስሙ በደምቢያችን የተሰየመ ነው፤ በሐይቁ ብቻ የሚገኙ ሁለት ሌሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በአበበ ጌታሁንና በሜላኒ ስቲያስኒ ተለይተው ስም ወጥቶላቸዋል፤ አንደኛው ጋራ ጣና ተብሏል። ከወንዝ አምጥቼ ሁለት ጋራ ለአንድ ዓመት አኑሬ ነበር፤ ድንጋዩን እንደ ተወለወለ ያደርጉታል፤ ነገር ግን የሚፈስ፣ አየር የሞላበት ውኃ የለመዱ በመሆናቸው ኤሌክትሪክ በጠፋበት በአንድ ሌሊት ሞቱብኝ። ከዚያ ወዲህ አልሞከርሁም፤ ሌሎችም እንዲሞክሩ አልመክርም፤ በወንዛቸው ይቆዩ።

የካፌው ገንዳ ከብርሃኑ መቀነስ በኋላ በስድስት ሳምንት ጠራ። ከዚያ በኋላ ነው አራት ኔራይትና አሥር ሽሪምፕ የጨመርንለት፤ ዛሬ የሚሠሩት የቀረውን ትንሽ ጥረጋ ነው። ፕሌኮው ግን ቦታ አጣ። ወጣቱ ሐይቁ ቅርብ ነው ብሎ አስቦ ነበርና ተቀብዬ ቤቴ አመጣሁት፤ በግቢዬ ባለ 500 ሊትር የፕላስቲክ ታንከር ውስጥ አኑሬዋለሁ። አሁን 38 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። በየማታው ግማሽ ዝኩኒና ቁራጭ ዱባ ይጨርሳል፤ ከታች የዋንዛ ግንድ አስገብቼለት እሱን ሲፋቅ ያድራል፤ ድምፁ እስከ መኝታ ቤት ይሰማል። በከተማችን ከ500 ሊትር የሚበልጥ የመስታወት ገንዳ ያለው፣ ተክል ያልተከለና ወደ ሐይቁ እንደማይለቀው ቃል የሚሰጥ አንባቢ ካለ፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያሳውቀኝ ከነግንዱ አስረክበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ጡረተኛ መምህር
ባሕር ዳር